ወታደር ቤት የተማርኩት አመራር ቢሮ ውስጥ ሲሠራና ሳይሠራ

አመራር እንዳስተምር የሚጠራኝ ድርጅት ሁሉ ስልክ ላይ የሚለኝ ያው ነው። «ሠራተኞቻችን ዲሲፕሊን የላቸውም። አንተ ደግሞ ወታደር ነበርክ። እስቲ ትንሽ ጠበቅ አድርግልን።» ጠበቅ ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቅ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ ሰዓት ማክበርና አለቃ ሲናገር ዝም ማለት ይሆናል። ለዚህ እኔ አላስፈልግም። የጣት አሻራ ማሽን ይበቃል።

ሠራዊት ውስጥ መኮንን ነበርኩ። መቶ የሚባለውን ክፍል መርቻለሁ፣ በኋላም ከእሱ የሚበልጠውን ሻምበል። ስወጣ ዕቃ የሚያከፋፍል ድርጅት ገባሁ። ከስምሪት ክፍል ተነስቼ የኦፕሬሽን ኃላፊ፣ ከዚያም ሥራ አስፈጻሚ ሆንኩ። አሁን ከሥራዬ ጎን ለጎን ሥራ አስኪያጆችንና የፈረቃ ኃላፊዎችን አሠለጥናለሁ። ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው ከሠራዊት ወጥቶ ሲቪል ሥራ ሊጀምር ነው። ሌላው ወታደር ሆኖ አያውቅም፣ ግን በድንገት ሰው ምራ ተብሏል።

ፊልም ላይ ያለው አዛዥ ሁልጊዜ ይጮኻል። እውነተኛው ሠራዊት ውስጥ ጩኸት የሚበዛው ምልምሎች ማሠልጠኛ በገቡባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ነው። ከዚያ በኋላ የሚጮኽ አዛዥ ካያችሁ፣ ወይ ሬዲዮው ተበላሽቶበታል ወይ ሥራው አልሄደለትም። ወደ ቢሮ ይዤው የመጣሁት ነገር ትእዛዙ ራሱ አይደለም። ትእዛዙ ከመሰጠቱ በፊትና ከተፈጸመ በኋላ የሚደረጉት፣ ለተመልካች የሚያሰለቹት ነገሮች ናቸው።

ከዓላማው ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1806 የፈረንሳዩ ናፖሊዮን ሠራዊት የዛሬዋ ጀርመን መነሻ የሆነችውን የፕሩሲያን ጦር «የና» እና «አወርሽቴት» በተባሉ ቦታዎች ላይ በአንድ ቀን ሰባበረው። የፕሩሲያ ጦር በሥርዓቱ የታወቀ ነበር። ሰልፉ ዝንፍ አይልም። ዛሬ «ዲሲፕሊን አስገባልን» የሚሉኝ ሰዎች ቢያዩት በጣም ይወዱት ነበር። ግን ከላይ ትእዛዝ እስኪመጣ የሚጠብቅ ጦር ነው፤ ናፖሊዮን ደግሞ አይጠብቅም። ከሽንፈቱ በኋላ ሻርንሆርስትና ሌሎች መኮንኖች ጦሩን እንደገና ማዋቀር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. ከ1857 እስከ 1888 የፕሩሲያ ጠቅላይ ኤታ ማዦር ሹም የነበረው ሞልትከ ነገሩን ወደፊት ገፋው። የእሱ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከጠላት ዋና ኃይል ጋር ከተጋጠምክ በኋላ እቅድህ እንዳሰብከው ይሄዳል ብለህ እርግጠኛ መሆን አትችልም። ስለዚህ ለበታች አዛዥ የምትፈልገውን ውጤት ንገረው፣ እንዴት እንደሚደርስበት ለእሱ ተውለት። ዛሬ ብዙ ሠራዊቶች የሚያስተምሩት ይህንኑ ነው።

በእኛ ሥራ ይህ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። አንድ ጊዜ ክትባት የጫነ ማቀዝቀዣ መኪና መንገድ ላይ ሞተሩ ቆመ። ማቀዝቀዣው ከሞተሩ ጋር የሚሠራ ስለሆነ አብሮ ቆመ። ሾፌሩ የተነገረው «ሳይመሽ ይድረስ» ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ሜካኒክ ፈልጎ፣ አሠርቶ፣ ገስግሶ ለመድረስ ይሞክር ነበር። የስምሪት ኃላፊው ግን ጠዋት ሲሸኘው ያለው ሌላ ነው። «ይህ ዕቃ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ ካልቆየ ዋጋ የለውም። ተቀባዮቹ አንድ ቀን ቢዘገይባቸው ይችሉታል። የተበላሸ ክትባት ግን ልጅ ላይ መወጋት የለበትም። መምረጥ ከመጣ ሰዓቱን ተወው፣ ቅዝቃዜውን ጠብቅ።»

ሾፌሩ የሙቀት መለኪያውን አየ። 6 ይላል። ጊዜ እንደሌለው ገባው። ቢሮ ደውሎ ፈቃድ አልጠየቀም። በአካባቢው ያለው ቀዝቃዛ መጋዘን የተፎካካሪያችን ነበር። እዚያው ደወለ፣ ለምኖ መኪና አስላከ፣ ሳጥኖቹን አዛወረ፣ የሙቀት መዝገቡን አስፈረመ። እኔ ጋ የደወለው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። «አለቃ፣ ዕቃው ሰላም ነው። የታመመው መኪናው ነው» አለኝ።

ለሰው ሥራ ስትሰጡ ሦስት ነገር ንገሩ። ምን እንዲሆን እንደምትፈልጉ፣ ለምን እንደሆነ፣ ነገሩ ሲበላሽ ደግሞ ከሁሉ በፊት የቱ እንደሚጠበቅ። ሦስተኛውን ሰው ሁሉ ይረሳዋል። ሁሉም ነገር «አስቸኳይ»፣ ሁሉም ነገር «በጣም አስፈላጊ» ከሆነ፣ መንገድ ላይ የቀረው ሰው ምን ጥሎ ምን እንደሚያድን አያውቅም።

ከዚያ የነገራችሁትን መልሰው እንዲነግሯችሁ አድርጉ። ሠራዊት ውስጥ ግዳጅ የተቀበለ አዛዥ በራሱ ቃል መልሶ ሳይናገር አይሄድም። ቢሮ ውስጥ የለመድነው «ገባህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። «አልገባኝም» የሚል ሠራተኛ ግን እምብዛም አታገኙም። እኔ የምጠይቀው «እንግዲህ ነገ ጠዋት ከምን ትጀምራለህ?» ብዬ ነው። በዕድሜ የሚበልጡኝ ከሆኑ ደግሞ ፈተና እንዳይመስልባቸው እኔው ላይ አዙረዋለሁ። «በደንብ አስረድቼ እንደሆነ ልወቅ፤ እርስዎ እንዴት ሊጀምሩት አስበዋል?» ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ ስንት አለመግባባት ብቅ እንደሚል ብታዩ ትገረማላችሁ።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የምተርከው አንድ ታሪክ አለ። ዴቪድ ማርኬት የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን እ.ኤ.አ. በ1999 ሳንታ ፌ የተባለችውን ኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ ተረከበ። ሲዘጋጅ የከረመው ግን ለሌላ መርከብ ነበር። አንድ ቀን በልምምድ ላይ ሳሉ ፍጥነት እንዲጨመር አዘዘ። አጠገቡ ያለው መኮንን ትእዛዙን ተቀብሎ ወደ ታች አስተላለፈ። ምንም ነገር አልተንቀሳቀሰም። ለካ ያ የፍጥነት ደረጃ በዚያች መርከብ ላይ ጭራሽ የለም! የሚገርመው፣ ትእዛዙን ያስተላለፈው መኮንን እንደሌለ ያውቅ ነበር። ታዲያ ለምን አስተላለፍከው ሲባል፣ ስላዘዙኝ ነው አለ።

ይህን ስተርክ ክፍሉ ውስጥ ሳቅ ይነሳል። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ይሞታል፤ ምክንያቱም ሁሉም የየራሱን መሥሪያ ቤት ማሰብ ይጀምራል። የማይሠራ መመሪያ መሆኑ እየታወቀ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው የሚተላለፍ ደብዳቤ ያላየ ማን አለ?

ማርኬት ከዚያ በኋላ ትእዛዝ መስጠቱን ቀነሰ። መኮንኖቹ ፈቃድ በመጠየቅ ፈንታ «እንዲህ ላደርግ ነው» እያሉ፣ ምክንያታቸውን ይዘው እንዲመጡ አደረገ። ይህን እኔም ቢሮ ውስጥ ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል። ሠራተኛው «ደንበኛው ዕቃውን አልቀበልም ብሏል፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ቴሌግራም ላይ ሲጽፍልኝ፣ «አንተ ምን ልታደርግ አስበሃል?» ብቻ እመልሳለሁ። መጀመሪያ ያናድዳቸዋል። ኃላፊነት የሸሸሁ ይመስላቸዋል። ቆይቶ ግን መልእክቱ ራሱ ይቀየራል፤ «ደንበኛው አልቀበልም ብሏል፤ ማሸጊያው ስለተቀደደ ነው፤ መልሼ አምጥቼ ነገ በሌላ ልቀይርለት ነው» ይላል። የእኔ ሥራ «እሺ» ማለት ብቻ ሆነ ማለት ነው። አንድ ነገር ግን አትርሱ። ማርኬት ሰዎቹ ሥራቸውን በደንብ እንዲያውቁ አጥብቆ ይከታተል ነበር። ሥራውን ጠንቅቆ ላላወቀ ሰው «ራስህ ወስን» ማለት ሜዳ ላይ መጣል ነው።

ከሠራዊት ካመጣሁት ሁሉ አንድ ብቻ ያዝ ብትሉኝ ግን የምይዘው ከሥራ በኋላ የሚደረገውን ውይይት ነው። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያዳበረው ዘዴ ነው፤ በካሊፎርኒያ በረሃ ፎርት ኧርዊን በሚገኘው የልምምድ ማዕከል ደግሞ በ1980ዎቹ በሰፊው ሠርቶበታል። ልምምዱ እንዳለቀ አዛዡም ተራ ወታደሩም አንድ ላይ ተቀምጠው አራት ጥያቄ ይመልሳሉ። ምን እንዲሆን ታስቦ ነበር? ምን ሆነ? ለምን እንደዚያ ሆነ? በሚቀጥለው ምን እናድርግ? በቃ። ሌላ ነገር የለውም።

ቀላል ይመስላል አይደል? ከባድ የሚሆነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ ሰው ከሁለተኛው ጥያቄ ዘሎ «ማን ነው ያበላሸው?» ውስጥ ይገባል። ሁለተኛ አለቃው ባለበት ማንም እውነቱን አይናገርም። የክትባቱ መኪና በተመለሰ ማግስት ያደረግነውን ውይይት ለምሳሌ ልንገራችሁ። ሾፌሩ፣ የስምሪት ኃላፊው፣ የጋራዥ ኃላፊው፣ አንዲት የመጋዘን ሠራተኛና እኔ ነበርን። የሆነውን በየሰዓቱ ሰሌዳ ላይ ጻፍን። ለምን ሞተሩ ቆመ የሚለው ላይ ስንደርስ ልጅቷ ቀስ ብላ «ያ መኪና ሙቀት ያበዛል ተብሎ ባለፈው ሳምንት የብልሽት ቅጽ ተሞልቶ ነበር። እኔ ነኝ የላክሁት» አለች።

ክፍሉ ጸጥ አለ። የጋራዥ ኃላፊው ፊቱ ተለወጠ። «ለማን ነው የሰጠሽው?» ብሎ ሊጀምር ሲል፣ እኔ ጥያቄውን ቀየርኩት። «ወረቀቱ የት ጋ ቆመ?» አልኩ። ተነስተን ሄደን ፈለግነው። ጋራዡ ቢሮ ውስጥ፣ ፈቃድ ላይ ያለ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ፣ ከሌሎች ቅጾች ጋር ተደርድሮ አገኘነው። ሰውየው ፈቃድ ሲወጣ ቅጽ የሚቀበልለት ሰው አልተመደበም። ከስብሰባው ሁለት ነገር ይዘን ወጣን። የብልሽት ቅጽ ሁለት ተቀባይ እንዲኖረው፣ በየመኪናው ጋቢና ደግሞ በመንገዱ ላይ ያሉ ቀዝቃዛ መጋዘኖች ስልክ እንዲለጠፍ። የሁለተኛው ሐሳብ የሾፌሩ ነው። እያንዳንዱ ሥራ ላይ የአንድ ሰው ስምና የሚያልቅበት ቀን ጻፍንበት። ስምና ቀን የሌለው ውሳኔ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ውይይቱን ስትጀምሩ ግምገማ አትበሉት። ያን ስም ከሰጣችሁት ሰው ራሱን ሊከላከል ተዘጋጅቶ ይመጣል። ቶሎ አድርጉት፣ ቢቻል በዚያው ቀን ወይ በማግስቱ፣ ትዝታው ሳይለወጥ። በውይይቱ የተነገረ ነገር የሠራተኛው የግል ማኅደር ውስጥ እንዳይገባ። አንድ ጊዜ ብቻ ከገባ፣ ዘዴው በዚያ ቤት ውስጥ ሞቷል። ከምንም በላይ ደግሞ አለቃው የራሱን ድርሻ ቀድሞ ይናገር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአጋር ኃይሎች አዛዥ የነበረው አይዘንሃወር፣ ጦሩ ፈረንሳይ ውስጥ ኖርማንዲ ባሕር ዳርቻ ላይ በሚያርፍበት ዋዜማ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 1944፣ ዘመቻው ቢከሽፍ የሚያወጣውን አጭር መግለጫ አስቀድሞ በእጁ ጽፎ ኪሱ ውስጥ አስቀምጦ ነበር። የጥቃቱ ውሳኔ የእሱ መሆኑን፣ ወታደሮቹ የሚችሉትን ሁሉ ማድረጋቸውን፣ ጥፋት ካለ የእሱ ብቻ መሆኑን የሚገልጽ ነው። ዘመቻው ስለተሳካ ወረቀቱ አላስፈለገም። አለቃው እንዲህ ከጀመረ፣ የመጋዘኗ ሠራተኛ ስለ ቅጹ ለመናገር ድፍረት ታገኛለች።

አሁን ደግሞ ማንም ስለማይጠይቀኝ ነገር ላውራ፣ ስለ ሃምሳ አለቃ። ከአካዳሚ የወጣ ወጣት መኮንን ሠላሳ አርባ ሰው ያለበት መቶ ሲሰጠው፣ ከጎኑ ዓመታት ያገለገለ ባለሌላ ማዕረግ፣ ማለትም ከመኮንን በታች ያለ አለቃ አለ። የማዕረግ ነገር ከሆነ ትእዛዝ ሰጪው መኮንኑ ነው። ወታደሩን በስም፣ በጠባይ፣ በቤተሰብ ችግር የሚያውቀው ግን ሃምሳ አለቃው ነው። ጫማ የተቀደደበትን፣ እንቅልፍ ያጣውን፣ ነገ ሊያፈገፍግ የሚችለውን እሱ ያውቃል። ብልህ መኮንን ትእዛዝ ከመስጠቱ በፊት እሱን ዞር አድርጎ ያማክራል። ጠንካራ ሠራዊት የምትሉት ሁሉ ጥንካሬው ያለው እዚህ መሐል ላይ ነው። እነዚህን ሰዎች ለማፍራትም ትምህርት ቤት አለው፤ እያንዳንዱ እርከን ላይ ኮርስ አለ።

ድርጅት ውስጥ የዚህ ሰው ቦታ የፈረቃ ኃላፊው፣ ፎርማኑ፣ ሱፐርቫይዘሩ ነው። እኛ ምን እናደርጋለን? ጎበዙን ቴክኒሻን አርብ ቀን እንመርጥና ሰኞ ኃላፊ እናደርገዋለን። ሥልጠና የለም። የትናንት ጓደኞቹን እንዴት እንደሚያዝ፣ የሚያረፍድን ሰው እንዴት እንደሚያናግር፣ ፈቃድ እንዴት እንደሚከለክል የነገረው የለም። ከዚያ በስድስት ወር «ሰው ማስተዳደር አይችልም» እንላለን። ጎበዝ ቴክኒሻንም አጣን፣ ኃላፊም አላገኘን። የሥልጠናው በጀት ደግሞ የት ይሄዳል? ለከፍተኛ አመራሩ፣ ሆቴል ውስጥ፣ በፓወር ፖይንት። ስለዚህ አሠልጥን ስባል አሁን ቅድመ ሁኔታ አለኝ። መጀመሪያ ሱፐርቫይዘሮቹን ስጡኝ እላለሁ። እምቢ ያሉ አሉ። እምቢ ብለው ከሄዱት ይልቅ፣ እሺ ብለው ሱፐርቫይዘሮቹ ስብሰባ ላይ ሳሉ በየደቂቃው ስልክ የሚደውሉላቸው ይብሱብኛል።

የማይሻገረውንም ልንገራችሁ፣ በተለይ ከሠራዊት ለወጣችሁ። ሠራዊት አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው በልምምድ ነው፤ ውጊያ አልፎ አልፎ ነው። ድርጅት ተቃራኒው ነው። በየቀኑ ውጊያ ላይ ነው፣ ልምምዱ በዓመት ሁለት ቀን። ስለዚህ ወታደር ቤት የለመዳችሁትን ቅንጅት በአንድ ወር እጠብቃለሁ ካላችሁ ትናደዳላችሁ፣ ሰውንም ታናድዳላችሁ። ሌላው ደግሞ፣ ሲቪል ሠራተኛ መልቀቂያ አስገብቶ መሄድ ይችላል። ጎበዙ ደግሞ ቀድሞ ይሄዳል። ማዕረጋችሁ እዚህ አይሠራም። የሚሠራው ሰውየው ከእናንተ ጋር መሥራቱ ይጠቅመኛል ብሎ ማመኑ ብቻ ነው።

ስለ ቁጥርም እንጠንቀቅ። ሮበርት ማክናማራ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ጦር አየር ኃይል የስታቲስቲክስ ክፍል ውስጥ መኮንን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 ከባልደረቦቹ ጋር ፎርድ ገባ፣ በ1960 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሆነ። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር እንዲሆን ተጠራ። ቬትናም ላይ ግን ከድል መለኪያዎቹ አንዱ የተገደለ ጠላት ቁጥር ነበር። ከላይ ቁጥር ሲፈለግ ከታች ቁጥር ይመጣል። ሪፖርቱ እየተጋነነ ሄደ፣ ጦርነቱ ግን ወደ ድል አልሄደም። ኬፒአይ (የሥራ አፈጻጸም መለኪያ ቁጥር) አትያዙ አይደለም የምለው። እኔም እይዛለሁ። ግን «በሰዓቱ የደረሰ ዕቃ» ብቻ ብንቆጥር ኖሮ፣ ያ ሾፌር በእኛ ሰንጠረዥ ላይ የወሩ ሰነፍ ነበር።

ለቀድሞ ወታደሮች አንድ ተግባራዊ ነገር፣ ስለ ሲቪ። «የሻምበል አዛዥ» ብሎ መጻፍ ቀጣሪው ዘንድ ምንም አይናገርም። ስንት ሰው እንደመራችሁ፣ ስንት ተሽከርካሪና ምን ዓይነት ንብረት በኃላፊነት እንደያዛችሁ፣ ስንት ሰው እንዳሠለጠናችሁ ጻፉ። ስንቅና ትጥቅ ላይ የሠራ ሰው የአቅርቦት ሰንሰለት ባለሙያ ነው፤ እንደዚያ ይጻፈው። መጀመሪያ ከሚሰጣችሁ ቦታ በላይ እንደምታውቁ ቢሰማችሁም፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት ጠያቂ ሁኑ። ዕቃ የሚያወርዱትን፣ ደረሰኝ የሚቆርጡትን፣ ስልክ የሚያነሱትን አናግሩ። ፍሬድ ስሚዝ ቬትናም የዘመተ የማሪን (የአሜሪካ የባሕር ወለድ ጦር) መኮንን ነበር፤ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1973 ፌዴራል ኤክስፕረስን፣ ዛሬ ፌዴክስ የሚባለውን ዕቃ አመላላሽ ድርጅት፣ ሥራ ሲያስጀምር በመጀመሪያው ሌሊት በ14 አውሮፕላን የተጫነው 186 ጥቅል ብቻ ነበር። የአመራር ትምህርቱን ያገኘው ከማሪን እንደሆነ በኋላም ደጋግሞ ይናገር ነበር።

የቀድሞ ወታደር አሠልጣኝ ልትቀጥሩ ያሰባችሁ ደግሞ፣ ከመፈራረማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁት። «አንተ ከሄድክ ከሦስት ሳምንት በኋላ የፈረቃ ኃላፊያችን ጠዋት ላይ ምንድን ነው ለየት አድርጎ የሚሠራው?» የጦር ሜዳ ታሪክ ማውራት ከጀመረ ጨዋታው ደስ ይላል፣ አዳምጡትና ሸኙት። «ሥራ ሲያከፋፍል ለምን እንደሆነ ይናገራል፣ መልሰው እንዲነግሩት ያደርጋል፣ ማታ ደግሞ አራቱን ጥያቄ ለሩብ ሰዓት ያወያያል» ካላችሁ፣ ስለ ዋጋው መነጋገር ትችላላችሁ።